ዘፈኑ በኤፍ ነው ሲባል የኤፍ ዊስል መግዛት ያስፈልጋል ወይ? ዋጋው ቀላል የሆነ ቲን ዊስል ስለመምረጥ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በዲ ኪይ (ኪይ ዜማው የሚያርፍበት ዋና ድምፅ ነው፤ ዲ፣ ኤፍ፣ ሲ የሚባሉትም የድምፆች ስሞች ናቸው) በተሠራ ቲን ዊስል፣ ማለትም ስድስት ቀዳዳ ባላት ትንሽ ዋሽንት፣ አንድ ዓመት ያህል ሲለማመዱ ቆይተው በቅርቡ ከአንዲት ድምፃዊትና ከአንድ ጊታር ተጫዋች ጋር አብረው መጫወት ጀምረዋል። ድምፃዊቷ አብዛኞቹን ዜማዎች የምታዜመው በኤፍ በመሆኑ የዲው ዊስል አልገጥም ብሏቸዋል። «ብዙ ገንዘብ ማውጣት አልችልም። በኤፍ የተሠራ፣ ዋጋው የማይጎዳ፣ ድምፁም ጆሮ የማይወጋ ዊስል የትኛው ነው? አጭሩን ልግዛ ወይስ ረጅሙን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የምላሼን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሁኔታው እንደገለጹት ከሆነ መጀመሪያ ሊገዙ የሚገባዎ የኤፍ ሳይሆን የሲ ዊስል ነው። ይህን ስል የኤፍ ዊስል መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም አለኝ፣ የሚስማማው ዜማ ሲመጣ ደስ ብሎኝ እጫወትበታለሁ። ነገር ግን የዜማው ኪይና በዊስሉ ላይ የተጻፈው ፊደል የግድ አንድ መሆን አለባቸው የሚለው እምነት ብዙ ሰዎችን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያላግባብ ገንዘብ ሲያስወጣ አይቻለሁ። ስለዚህ የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሚሻል ከመናገሬ በፊት ይህን ነገር በዝርዝር ማስረዳት ግዴታዬ ይመስለኛል።

በዊስሉ ላይ የተጻፈው ፊደል የሚነግረን ስድስቱም ቀዳዳዎች ተዘግተው ቀስ ተብሎ ሲነፋ የሚወጣውን የመጨረሻውን የታች ድምፅ ነው። በዲ ዊስል ይህ ድምፅ ዲ ነው፤ ከታች ጀምረው ጣቶችዎን አንድ በአንድ ሲያነሱ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ (ሻርፕ ማለት በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ)፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ሻርፕ ይከተላሉ፤ ዲ ሜጀር፣ ማለትም ከዲ የሚነሣው ደማቅ ቅኝት፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ጥበብ ተሟላ ማለት ነው። ከዚያም የላይኛውን ቀዳዳ ክፍት አድርገው ቀጥለው ያሉትን ሁለቱን ቢዘጉና የቀሩትን ሦስቱን ክፍት ቢተዉ ሲ ሻርፑ ወደ ሲ ይወርዳል፤ በዚህች በአንዲት ድምፅ ለውጥ ብቻ ዊስሉ ጂ ሜጀርን ይጫወታል። እንግዲህ እያንዳንዱ ዊስል ሳይቸገር የሚጫወታቸው ሜጀሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በላዩ ላይ የተጻፈው ሲሆን ሌላው ከእሱ ሲቆጠር አራተኛው ድምፅ ላይ የሚያርፈው ነው። የዲ ዊስል ዲንና ጂን፣ የሲ ዊስል ሲንና ኤፍን፣ የቢ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ) ዊስል ቢ ፍላትንና ኢ ፍላትን፣ የኤፍ ዊስል ደግሞ ኤፍንና ቢ ፍላትን ይዟል። ማይነሮቹም፣ ማለትም ትካዜ የሚያሰሙት ቅኝቶች፣ በዚሁ መንገድ አብረው ይመጣሉ፤ በዲ ዊስል ላይ ኢ ማይነርና ቢ ማይነር፣ በሲ ዊስል ላይ ዲ ማይነርና ኤ ማይነር በቀላሉ ይገኛሉ።

አንድ ዓመት በዲ ዊስል እንደተለማመዱ ነግረውናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጂ ላይ የሚያርፉ ዜማዎችን ሳይጫወቱ እንዳልቀሩ እገምታለሁ፤ የላይኞቹ ሦስት ቀዳዳዎች ተዘግተው የታችኞቹ ሦስቱ ክፍት የሚሆኑበትን ያንን ማረፊያ ጣቶችዎ ያውቁታል። ያንኑ ዜማ አንድም ጣት ሳይለውጡ በሲ ዊስል ቢነፉት የሚሰማው በኤፍ ነው። የሲው ዊስል ከዲው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ስለሚል ጂ የነበረው ሁሉ ኤፍ ይሆናል። ኖታ የሚያነቡ ከሆነም በኤፍ የተጻፈውን ዜማ አንድ ድምፅ ከፍ አድርገው፣ በጂ እንደተጻፈ ቆጥረው ማንበብ ነው። ለዚህ ነው የአንድ ዓመት ድካምዎ ሙሉ በሙሉ የሚተላለፈው ወደ ሲ ዊስል ነው የምለው።

ታዲያ ኤፍን በሲ ዊስልም በኤፍ ዊስልም መጫወት ከተቻለ፣ በሁለቱ መካከል የሚወስነው ምንድን ነው? የሚወስነው ዜማው ከማረፊያው በታች ይወርዳል ወይስ አይወርድም የሚለው ጉዳይ ነው። ድምፃዊቷ ስታዜም በስልክዎ ይቅረጹና ረጋ ብለው ያዳምጡ። ዜማው መጨረሻ ላይ የሚያርፍበትን ድምፅ አንዴ ካወቁ በኋላ፣ በመንገዱ ላይ ከዚያ ድምፅ በታች የሚወርድበት ቦታ እንዳለ ይከታተሉ። እጅግ ብዙ ዜማዎች ከማረፊያቸው በአራት ድምፅ ዝቅ ብለው ይነሡና ወደ ማረፊያው ይወጣሉ፤ በኤፍ ሲሆን ከታችኛው ሲ ተነሥተው ኤፍ ላይ ያርፋሉ ማለት ነው። በሲ ዊስል ላይ ያ ሲ የመሣሪያው የመጨረሻ ድምፅ ስለሆነ ዜማው ልክ እንደ ተሰፋለት ልብስ ይገጥማል። በኤፍ ዊስል ላይ ግን ከኤፍ በታች ምንም ነገር የለም። ያለዎት ምርጫ ሙሉውን ዜማ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ስም ያለው ድምፅ ተመልሶ እስከሚመጣበት ቀጣይ እርከን ድረስ፣ ከፍ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ በሰከንድ 698 ጊዜ የሚርገበገበው ማረፊያ ወደ 1397 ይወጣል፣ የዜማው ጫፍም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ጥያቄዎ ላይ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ እንደማይፈልጉ ጽፈዋል፤ በአጭር ዊስል ላይ ጆሮ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሁለተኛው ኦክታቭ ነው፣ ምንም ያህል ጥሩ ዊስል ቢገዙ አያመልጡትም።

በተቃራኒው ዜማው ከማረፊያው በታች ሳይወርድ ከኤፍ እስከ ቀጣዩ ኤፍ ባለው ውስጥ የሚኖር ከሆነ የኤፍ ዊስል እውነተኛ ጥቅም አለው። ሙሉው ዜማ በለስላሳው የታችኛው ኦክታቭ ውስጥ ይቀራል፤ በሲ ዊስል ላይ ግን ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ሲ ላይ ደርሶ ወደ ሁለተኛው ኦክታቭ መሻገር ስላለበት፣ በየሐረጉ መሐል ትንፋሽ ማጠንከርና መልሶ ማላላት ይጠይቃል። ይህ ልምድ ላለው ሰው ችግር ባይሆንም ለስለስ ያለ መዝሙር ሲታጀብ ይሰማል። ስለዚህ ቀረጻውን ያዳምጡ፣ ይቁጠሩ፤ ከ10 ዘፈኖች 7ቱ ከማረፊያቸው በታች የሚወርዱ ከሆነ ሲ ይግዙ፣ 7ቱ የማይወርዱ ከሆነ ኤፍን ያስቡ። በእኔ ተሞክሮ ለዘፈን አጃቢነት ሚዛኑ ብዙውን ጊዜ ወደ ሲ ያደላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጣርተው እንዲመጡ እለምንዎታለሁ፤ ሁለቱም ስሕተት ሆነው ሲገኙ ዐይቻለሁና። የመጀመሪያው የጊታሩ ካፖ ነው፤ ካፖ የጊታሩን ክሮች በአንገቱ ላይ አንድ ላይ ተጭኖ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ ነው። ጊታር ተጫዋች በሦስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ አሥሮ የዲ ኮርድ ሲይዝ የሚሰማው ድምፅ ኤፍ ነው፤ እሱ ግን በጣቱ አቀማመጥ እያሰበ «ዲ ነው» ሊልዎት ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው የኤፍ ኮርድ እየያዘ ካፖው ስላለ የሚሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል። የሚሰማውን ድምፅ በቱነር (የድምፅን ከፍታ በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ፣ የተነገረዎትን ብቻ አይመኑ። ሁለተኛው ሜጀርና ማይነር መለየት ነው። «ኤፍ» የተባለው ኤፍ ማይነር ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይለወጣል፤ ለኤፍ ማይነር የሚመቸው የኢ ፍላት ዊስል ነው፣ የሲም የኤፍም አይደለም። ይህን ሳያጣሩ ዕቃ ማዘዝ የጫማ ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው። በነገራችን ላይ ድምፃዊቷ ጂ ላይ ብታዜም ምን እንደሚሰማት አንድ ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከተመቻት አሁን ያለዎት የዲ ዊስል ይበቃል፣ ምንም ግዢ አያስፈልግም። ካልተመቻት ግን አያስጨንቋት፤ መሣሪያ ይለወጣል፣ የሰው ጉሮሮ አይለወጥም።

አጭሩን ወይስ ረጅሙን ለሚለው ጥያቄዎ ምላሼ ይህ ነው። ረጅሙ የኤፍ ዊስል ከአጭሩ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ በሰከንድ 349 ጊዜ ከሚርገበገበው ኤፍ ይጀምራል፤ ርዝመቱ ከለመዱት የዲ ዊስል አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትም በዚያው መጠን ይሰፋል። ረጃጅሞቹ ዊስሎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው በርናርድ ኦቨርተን ለአየርላንዳዊው ሙዚቀኛ ለፊንባር ፉሬ ከሠራቸው በኋላ የተስፋፉ ናቸው፤ ድምፃቸው ጥልቅና ትካዜ የተሞላ በመሆኑ ብዙ ሰው ይወዳቸዋል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ሆኖም ለእርስዎ አሁን ሁለት ምክንያቶች ይከለክሉኛል። አንደኛ፣ ረጅም ዊስል በፋብሪካ ብዛት እንደሚወጡት አጫጭሮች በርካሽ አይገኝም፤ በጣም ርካሽ ሆኖ ከተገኘም ታችኞቹን ሁለት ድምፆች ለማውጣት የሚያታግል ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይመዝናል፤ ረጅሙ ኤፍ የሚኖረው የሴት ድምፅ በሚኖርበት ከፍታ ላይ ነው። ድምፃዊቷ ስታዜም እርስዎም በዚያው ቁመት ከነፉ ድምፆቹ ይደራረባሉ፣ የግጥሙም ቃል ይደበዝዛል። አጭር ዊስል በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ስለሚጫወት ከድምፁ ጋር አይጋፋም፤ ከላይ ሆኖ እንደ ጥልፍ ይታያል።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። በቅናሽ ዋጋ ከሚገኙት መካከል ሲ ዊስል የሚሠሩ አራት ታዋቂ ስሞች አሉ፤ ከእንግሊዝ ክላርክና ጀነሬሽን፣ ከአየርላንድ ፌዶግና ዋልተንስ። አራቱም የሚሸጡት በእጅ ከሚሠሩት ዊስሎች እጅግ ባነሰ ዋጋ ስለሆነ በአራቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሊያሳስብዎ አይገባም፤ የሚያሳስበው የአሠራራቸው ልዩነት ነው።

ክላርክ የጥንቱ ነው። ሮበርት ክላርክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1843 የጀመረው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓይነት እስከ ዛሬ ድረስ ከቆርቆሮ ተጠቅልሎ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ፣ አፉ ውስጥ የእንጨት ውታፍ ተደርጎለት ይሠራል። ድምፁ ውስጥ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሸካራ ነው ለሚለውም ሞቃት ነው ለሚለውም ሰው ምክንያት አለው። አየር ግን ይበላል፤ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ለሚፈልግ አጃቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያው ፋብሪካ ስዊትቶን የሚል ስም የሰጠው ሌላ ዓይነት አለ፤ ቱቦው እንደ መጀመሪያው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሆኖ አፉ ፕላስቲክ ነው። የቱቦው መቅጠን ሁለቱ ኦክታቮች እርስ በርስ እንዲስማሙ ይረዳል፣ የፕላስቲኩ አፍ ደግሞ ትንፋሽ ይቆጥባል፤ ድምፁም ዝግ ያለ ስለሆነ ድምፃዊ አይሸፍንም። ለጥያቄዎ አንድ ስም ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው የክላርክ ስዊትቶንን በሲ ነው። ድክመቱ ከሌሎች መሣሪያዎች ብዛት ጋር ሲገባ መጥፋቱ ነው፤ ከጊታርና ከአንድ ድምፅ ጋር ግን ይህ ድክመት ጥቅም ይሆናል።

ጀነሬሽን፣ ፌዶግና ዋልተንስ በአንድ ቤተሰብ ሊመደቡ ይችላሉ፤ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ባለው የብረት ቱቦ ላይ የፕላስቲክ አፍ ተገጥሞባቸዋል። የጀነሬሽን መልካም ጎን በስድስት ኪይ መሠራቱ ነው፤ በቢ ፍላት፣ በሲ፣ በዲ፣ በኢ ፍላት፣ በኤፍና በጂ ይገኛል። ስለዚህ ቆጥረው አጭር ኤፍ ያስፈልገኛል ካሉ ርካሹ በር ይህ ነው። ድክመቱ ደግሞ ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ዊስሎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው፤ አንዱ ለዓመታት የማይለዩት ሆኖ ሲገኝ ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ያስቸግራል። ሱዛቶ የሚባለው የአሜሪካ ሥራ ሙሉ በሙሉ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ኤፍን ጨምሮ በብዙ ኪይ ይገኛል፣ ቅኝቱም የተረጋጋ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከእነዚህ ከፍ ይላል፣ ድምፁም ኃይለኛ ስለሆነ ለአንዲት ድምፃዊት አጃቢነት አልመርጠውም። አጭር ኤፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቀዳዳዎቹ ከዲው 16 በመቶ ያህል ስለሚቀራረቡ ጣታቸው ወፍራም የሆነ ሰዎች ጎረቤት ቀዳዳ በከፊል ሳይሸፍኑ መጫወት ይቸግራቸዋል። ሲው በተቃራኒው በ12 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ይህ በሁለትና በሦስት ቀን የሚለመድ ነው።

በርካሽ ዊስሎች መካከል ያለው የጥራት ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙው በእጅ የሚስተካከል ነው። አሁን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የገዛኋቸው ሁለት የሲ ዊስሎች አሉ። በአንደኛው ላይ የታችኛው ሲ የፈለግኩትን ያህል ይቆያል። በሁለተኛው ላይ ትንፋሼ በጥቂቱ ሲገፋ ያው ሲ ተሰብሮ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል። ሁለቱን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሬ በአፋቸው መተላለፊያ በኩል ሳይ ልዩነቱ ታየኝ፤ በሁለተኛው ስለት ግራ ጠርዝ ላይ ከፀጉር የማይወፍር የፕላስቲክ ትርፍ ተንጠልጥሏል። ስለት የምለው በአፉ ላይ ካለችው አራት ማዕዘን መስኮት ማዶ ትንፋሹ የሚመታበትን ሹል ጠርዝ ነው፤ ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። ያችን ትርፍ በምላጭ ጫፍ ከውስጥ ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጌ አነሣኋት። ዊስሉ ዛሬ ከመጀመሪያው አይለይም። ስለቱን ራሱን ግን በፍጹም አይሳሉ፣ አይፋቁ፤ ከእሱ ላይ የተነሣ ነገር አይመለስም።

ሲገዙ መሞከር የሚችሉ ከሆነ መጀመሪያ ዊስሉን በእጅዎ ይዘው ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ዊስል ዝቅ ብሎ ይሰማል። የአየሩ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በተለወጠ ቁጥር ድምፁ በ3 ሴንት ያህል ይለወጣል፤ ሴንት ስል የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ማለቴ ነው። ከዚያ የታችኛውን ሲ በእርጋታ ነፍተው አራት ያህል ይቁጠሩ፤ ሳይንቀጠቀጥ ከቆየ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥለው ኤፍን በታችኛው ኦክታቭ፣ ወዲያው በላይኛው ኦክታቭ ይንፉና በቱነር ያነጻጽሩ፤ ኤፍ የእርስዎ ማረፊያ ስለሚሆን በሁለቱ መካከል 15 ሴንት ልዩነት ካለ በየዘፈኑ ይሰማዎታል። ከሁሉም በላይ ግን ቢ ፍላቷን ይፈትኗት። በሲ ዊስል ላይ ኤፍ ሜጀርን ኤፍ ሜጀር የምታደርገው እሷ ናት፤ የላይኛው ቀዳዳ ተከፍቶ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሲዘጉ የምትወጣዋ ድምፅ በርካሽ ዊስሎች ላይ ብዙውን ጊዜ ከፍ ትላለች። ከታች ካሉት ቀዳዳዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ቢጨምሩባት ትወርዳለች፤ የትኛው ጭማሪ በየትኛው ዊስል ላይ ልክ እንደሚመጣ ግን በቱነር እያዩ ለራስዎ ማግኘት አለብዎት። በላይኛው ኦክታቭ ይህ ዘዴ ላይሠራ ይችላል፤ እዚያ የላይኛውን ቀዳዳ በግማሽ መዝጋት ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

መሞከር ሳይችሉ በፖስታ የሚያዝዙ ከሆነ ከላይ በጠቀስኩት የጥራት መለያየት ምክንያት የዊስሉ ዋጋ ትንሽ መሆኑን ተጠቅመው ሁለት ማዘዝን እመክራለሁ፤ የተሻለውን ይዘው ሌላውን ለሚማር ሰው ይሰጡታል።

ከጊታር ጋር ስለሚጫወቱ ዊስሉ የሚስተካከል መሆን አለበት። በእነዚህ በፕላስቲክ አፍ ዊስሎች ላይ አፉ በማጣበቂያ የተያዘ ቢሆንም በሙቅ ውሃ ይላቀቃል፤ ውሃው የፈላ ሳይሆን ለመጠጣት በረድ ያለ ሻይ ያህል ይሁን፣ አፉ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይነከር፣ ከዚያ በጨርቅ ይዘው ሳይታገሉ ያዙሩት። አንዴ ከተላቀቀ በኋላ ወደ ውጭ ሲስቡት ዊስሉ ዝቅ ይላል። በሲ ዊስል ላይ 3 ሚሊሜትር መሳብ የታችኛውን ሲ በ15 ሴንት ያህል ያወርደዋል፤ ሁሉም ቀዳዳ ሲከፈት የሚወጣውን ቢ ግን በ30 ሴንት ያህል ያወርደዋል፤ የአየሩ ዓምድ ሲያጥር ያችው 3 ሚሊሜትር ትልቅ ድርሻ ትይዛለችና። ስለዚህ ብዙ መሳብ ዊስሉን ከራሱ ጋር ያጣላዋል፤ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሜትር በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ጊታሩ በተለመደው መለኪያ፣ ማለትም ኤ በሰከንድ 440 ጊዜ በሚርገበገብበት፣ መቃኘቱን ያረጋግጡ። ሌላው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ሲገዙ ቅኝታቸው በተዛባ ሁለት ዊስሎች መካከል ቢያመነቱ በጥቂቱ ከፍ የሚለውን ይምረጡ። ከፍ ያለ ዊስል አፉን በመሳብ ይወርዳል፤ አፉ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ እያለ ዝቅ የሚል ዊስል ግን ቱቦው ካልተቆረጠ መውጫ የለውም፣ ቱቦውን ከታች መቁረጥም የታችኛውን ድምፅ ብቻ ከፍ አድርጎ የቀሩትን ባሉበት ይተዋቸዋል። ከቆርቆሮ የተጠቀለለው የመጀመሪያው ክላርክ አፉና ቱቦው አንድ አካል ስለሆኑ ይህ ሁሉ አይሠራለትም፤ ከጊታር ጋር ለሚጫወት ሰው ስዊትቶንን ያስቀደምኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

በእኩል ቱቦ ዊስሎች ላይ ሌላ የታወቀ ማሻሻያ አለ። አፉን አውልቀው ከታች ወደ ውስጥ ሲያዩ ከትንፋሽ መተላለፊያው ወለል ሥር ባዶ ጉድጓድ ያገኛሉ። ያንን ጉድጓድ ፖስተር ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ በሚያገለግለው እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ማጣበቂያ ሞልተው ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር እኩል አድርገው ቢያስተካክሉት የላይኛው ኦክታቭ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ከኦክታቭ ወደ ኦክታቭ መሻገሩም ይለሰልሳል። ትንፋሽ የሚያልፍበትን ስንጥቅ እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ። ካልወደዱት በክብሪት እንጨት ጠርገው ማውጣት ነው። ስዊትቶን ይህን አይፈልግም።

ከድምፃዊት ጋር ሲጫወቱ በየመሐሉ ማረፍ ስለሚኖር ዊስሉ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎም ሲነፉ ከትንፋሽዎ የሚወጣው እርጥበት መተላለፊያው ውስጥ ጤዛ ሆኖ ድምፁን ያፍነዋል። ተራዎ ከመድረሱ በፊት ጣቶችዎ ቀዳዳዎቹን ዘግተው ሳለ ድምፅ ሳያሰሙ በለሆሳስ ይተንፍሱበት፤ ከተዘጋም መስኮቷን በጣትዎ ሸፍነው አንድ ጊዜ በኃይል ይንፉ። ይህን ችላ ያለ ሰው በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ከጊታሩ በታች ሆኖ ይገባል፣ ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ደግሞ ልክ ይመጣል፤ አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም ቅር ይለዋል።

ሲውን ገዝተው ከዲው ጋር ሲያስቀምጡት በእጅዎ አራት ሜጀሮች ይኖሩዎታል፤ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍና ጂ። ወደፊት ድምፃዊቷ ወደ ቢ ፍላት ወይም ወደ ኢ ፍላት ከወረደች፣ ወይም ጂ ማይነርና ሲ ማይነር የሚጠይቁ ዜማዎች ከመጡ፣ ሦስተኛው የጀነሬሽን ቢ ፍላት ይሁን። በርካሽ ዊስሎች ውስጥ ድምፁን እጅግ የምወደው እሱን ነው፤ ከዲው ሩብ ያህል ስለሚረዝም የጣቶች ስፋት ይጠይቃል፣ ሲውን ጥቂት ወራት ከተጫወቱ በኋላ ግን እጅዎ ይደርስበታል። የኤፉን ጉዳይ በተመለከተ ቀረጻውን አዳምጠው ከቆጠሩ በኋላ ዜማዎቹ ከማረፊያቸው በታች የማይወርዱ ሆነው ከተገኙ ያሳውቁኝ፤ የዘፈኖቹን የታችኛውና የላይኛው ድምፅ ከጻፉልኝ አጭሩ ኤፍ ለየትኞቹ እንደሚበጅ አንድ በአንድ አይቼ እነግርዎታለሁ።